በረዶ የጠማው ሞተር

ኦቭላ አዲሱን የበረዶ ሞተሩን እየወለወለ ነበር። የአጋዘን መንጋው ሸሽቷል፣ ንፋሱ በር ይገነጥላል፣ እሱ ግን በጨርቅ ኮፈኑን ያሻል! እንዲህ ያለ ሰው በሰፈራችን አንድ ብቻ ነው፤ አንዱም በዝቶብናል።

«ጨረስክ ወይስ ሽቶም ልትረጭበት ነው?» አለች ኤለ ሪስተን፣ የበረዶ ጋሪውን ከኋላ እያሰረች።

«አዲስ ነገር ክብር ይፈልጋል» አለ ኦቭላ።

ኦቭላ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ነው። አጋዘን መጠበቅ ሰልችቶት ከተማ ገባ፤ አሁን በየበዓሉ እየመጣ ጉራውን ይነፋባታል። የእሷ አሮጌ የበረዶ ሞተር ደግሞ ፒስተኑ ተሰብሮ ግቢ ውስጥ ተጋድሟል። ኦቭላን ከመለመን የሻገተ ዓሣ ብትበላ ይሻላት ነበር። ግን ያረገዙት አጋዘኖቿ ንፋሱ አስደንግጧቸው ወደ ጋስካ ወንዝ ነጉደዋል። የወንዙ በረዶ ከስር በስብሷል። ቢሻገሩ ግማሾቹ ይሰምጣሉ፣ የተረፉት ማዶ በሄአይካ መሬት ላይ ይወልዳሉ። ሄአይካ ማለት አምና የእሷን ግልገሎች ጆሮ በራሱ የባለቤትነት ምልክት ቆርጦ፣ ዓይኗን እያየ የሳቀ ሰው ነው። ዘንድሮ ከደገማት መንጋ የሚባል ነገር አይኖራትም።

«እኔ ነኝ የምነዳው» አለች።

ኦቭላ ቁልፉን ሲሰጣት ልጁን የሚድር ይመስል ነበር። ከኋላዋ ተቀመጠ።

ዘንድሮ በረዶው ንፉግ ነበር። ኮረብታው ተራቁቷል፤ ድንጋዩ አግጥጧል፤ መንገዱ እንደ ጠርሙስ የጠጠረ ግግር ነው። ኤለ ነዳጁን ጨመቀችው። ሞተሩ አገሳ፣ ዘለለ፣ ድንጋይ ላይ ብልጭታ እየተፋ ተፈተለከ። ብዙም ሳይሄዱ የሙቀቱ ቀይ መብራት በራ።

«አቁሚ!» ጮኸ ኦቭላ። «የዚህ ሞተር ውሃ የሚቀዘቅዘው ከስሩ የሚሽከረከረው ሰንሰለት በሚረጨው በረዶ ነው! በረዶ ከሌለ ይፈላል!»

«ያንተ ምላስ ነው የሚፈላው!»

«ቢያንስ ጥፍሮቹን ላውርዳቸው!»

ወረደና ከሁለቱም ጎን የታጠፉትን የብረት ጥፍሮች ለቀቃቸው። ጥፍሮቹ እየተጎተቱ ግግሩን ፋቁት፤ ዱቄቱ ወደ ሰንሰለቱ ገባ፣ ከዚያም ራዲያተሩ ላይ ተረጨ። መብራቱ ጠፋ። ኤለ አየች፤ ነዳጁን ብቻ ጨመቀች። ኦቭላን ልክ ነህ ማለት ጥርስ ከመነቀል ይከብዳታል።

«ወደ ኋላ ስትሄጂ ግን አንሺያቸው፣ እሺ?» አለ እሱ። «ኤለ፣ ሰማሽኝ?»

የት ትሰማዋለች! ሁለት ድንጋዮች መሃል ስትቀረቀር ማርሹን ወደ ኋላ መታችውና ነዳጁን ሰጠችው። ቀጭ! ጥፍሮቹ ሁለቱም ተሰብረው ቀሩ።

«ምን አልኩሽ? ምን አልኩሽ?»

«ሁለት ሽቦ ነው! ስለ ሁለት ሽቦ ታለቅሳለህ?»

ከዚያ በኋላ ሞተሩ በየጥቂቱ ይግላል፤ ይቆማሉ፤ ኦቭላ ከየድንጋዩ ጥላ እፍኝ እፍኝ በረዶ እየለቀመ ይለጥፍበታል። ጊዜው ሄደ። በመጨረሻ ፀሐይ የማያየው ገደል ስር አንድ ወፍራም የበረዶ ክምር አገኙ። በአካፋ ወደቁበት፤ ግማሹን ሞተሩ ላይ፣ ግማሹን ጋሪው ላይ ጫኑ።

ክምሩ አጉረመረመ።

ከውስጡ ጌትኪ የምንለው ሥጋ በል አውሬ ወጣ፤ ቁመቱ ከውሻ አይበልጥም፣ ጥርሱ ግን የአጋዘን አጥንት ይሰባብራል። የደበቀውን ሥጋ ሊሰርቁት የመጡ መስሎት በቀጥታ ወደ ኤለ ተወረወረ። አካፋዋ በረዶው ውስጥ ተሰክቶ እምቢ አላት። ኦቭላ የራሱን አካፋ አነሳና ያን የሚያሻሸውን ኮፈን ይነርተው ጀመር! ዷ! ዷ! ዷ! አውሬው ደንግጦ ገደሉን እየቧጠጠ ሸሸ። ኮፈኑ እንደ አሮጌ ድስት ጎደጎደ።

«እንግዲህ ምኑን ልትወለውል ነው?» አለች ኤለ።

ወንዙ ጋ ሲደርሱ መንጋው ዳር ላይ ቆሟል። መሪዋ አጋዘን አንድ እግሯን በረዶው ላይ አድርጋ ታሸታለች። ማዶ ሄአይካ በራሱ ሞተር ላይ ተቀምጦ የደረቀ ሥጋ ያላምጣል። ቀዩ መብራት እንደገና በርቷል፣ እንፋሎቱ ፊታቸውን ሸፍኗል።

«ኤለ ሪስተን!» ጮኸ ሄአይካ። «ሻይ ጥደሽ ነው የመጣሽው? ለኔም ቅጂልኝ!»

«ኤለ፣ ሞተሩ አሁን ካላረፈ ያበቃለታል» አለ ኦቭላ።

«አሁን ካረፈ እኔ ነኝ የሚያበቃልኝ!»

ኦቭላ ወደ ጋሪው ዘለለ፣ በሆዱ ተኛ፣ የጫኑትን በረዶ በአካፋ እየዛቀ የሚሽከረከረው ሰንሰለት ላይ ይወረውር ጀመር። «ንጂው!» ብሎ ጮኸ። «ንጂው እንጂ ምን ታዪኛለሽ!»

ነዳችው። በመንጋውና በወንዙ መካከል ሰንጥቃ ገባች፤ የዳሩ በረዶ ከስሯ አቃሰተ። ገመዷን ወረወረች፤ መሪዋን በቀንዷ ያዘቻት። መንጋው ፊቱን አዞረ። ሞተሩም አንዴ ጮኸና ፒስተኑ ተጣብቆ ቀረ።

ሄአይካ ሳቀ። «በእግራችሁ ልትነዷቸው? ተዉልኝ፣ እኔ እጠብቃቸዋለሁ!»

«ና ውሰዳቸው!» አለች ኤለ። «በረዶው ላይ ግባና ውሰድ፣ ጀግና!»

ሄአይካ አንድ እግሩን አሳረፈ። በረዶው ጮኸ። እግሩን መለሰና ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ። ኤለ ወደ ማዶ ተፋች።

ዘወር ስትል ኦቭላ ጓንቱ ተቀዶ፣ ጣቶቹ ደም ሆነው፣ የሞተው ሞተር አጠገብ ቆሟል። ልትሰድበው አፏን ከፈተች። ስድቡ ጠፋት። በሕይወቷ ጠፍቷት አያውቅም ነበር።

«ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ጥፍሮቹንም የሰበርኳቸው እኔ።»

«አዎ፣ አንቺ ነሽ» አለ ኦቭላ።

በእኛ ዘንድ መሪዋን ስቦ ከፊት የሚሄደው የመንጋው ባለቤት ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያን ገመድ ከኤለ እጅ የተቀበለ ሰው የለም። እሷ ግን ገመዱን ዘረጋችለት።

«ያዝ። አንተ ምራ።»

መንገዱን ሙሉ ስለ ራዲያተር አወራ። ያ ሰው ሲያወራ እኔ ብሆን በድንጋይ እለው ነበር። ኤለ ከኋላ የደከሙትን እናቶች እየገፋች ተከተለችው፤ አንዴም ዝም በል አላለችውም።