አጭሮቹ መርፌዎች

ሟቿ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ በጎኗ ተኝታለች። ዘይቱና ትባላለች፤ የጨርቅ ነጋዴው የጀላል ሁለተኛ ሚስት ናት። በሁለቱም እጆቿ አንጓ ላይ አንድ አንድ አጭር መርፌ እንደተሰካ ነው። ሌላው ገላዋ ላይ ምንም የለም።

ቤቱ የወልደ አማኑኤል ነው። ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምቶ፣ ቆስሎ በተኛበት አንድ የአገሩ ሽማግሌ መርፌ መትከል አስተምሮት የተመለሰ ሰው ነው። ኮልፌ ውስጥ «የኮሪያ መርፌ» ከተባለ ልጅ የሚያውቀው ደጅ ነው። መውለድ የዘገየባቸው ሴቶች፣ እስላሟም ክርስቲያኗም፣ በዚያ ደጅ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ።

በ1964 ዓ.ም.፣ ኅዳር በገባ ሰሞን ነው፤ ረመዳን አላለቀም።

ሃምሳ አለቃ ይገዙ ሲደርስ ሻምበል በየነ ነገሩን ጨርሶ፣ ወልደ አማኑኤልን እጁን አሳስሮ ቆሟል። ይህ ሻምበል ትናንት በሠልጣኝነቱ ይገዙ ሰልፍ ያስተማረው ልጅ ነው። ሁለት ዓመት ባሕር ማዶ ተቀምጦ መጣና ትከሻው በኮከብ ተሞላ። ይገዙ ትምህርቱ አራተኛ ክፍል ላይ ቀረ፤ ማዕረጉም ትምህርቱን አይቶ እዚያው አካባቢ ቀረ። አንድ ጊዜ እንኳ «ደክመሃል» ያለው አለቃ የለም።

«መርፌው ልቧን ወግቷል። ምን ምርመራ ያስፈልጋል?» አለ ሻምበሉ።

«ከእጅ አንጓ እስከ ልብ ሩቅ መንገድ ነው ጌታዬ።»

ሻምበሉ ፈገግ ብሎ ሰዓቱን አየ። ጀላል ሬሳው ፀሐይ ሳትገባ እንዲቀበርለት ይለምናል፤ ዘመዶቹ በር ላይ ሆነው የመርፌኛውን አንገት ይጠይቃሉ። «እስከዚያው የፈለግኸውን ጠይቅ። ፀሐይ ስትገባ ፋይሉ ይዘጋል፤ ሰውዬውን ገመድ ይጠብቀዋል» አለው።

ይገዙ ተንበረከከ። ትራሱ ጠርዝ ላይ ያስመለሰችው ነገር ደርቋል። አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተ። መጀመሪያ የመጣው ጥቁር አዝሙድ ነው፤ ከሥሩ ግን ሌላ ሽታ አለ። በየሁለት ወሩ እናቱ አፍንጫውን ይዛ ስታጠጣው ያደገ ሰው አይስተውም። ኮሶ ነው።

ወደ ጓሮ ወጥቶ ወልደ አማኑኤልን አስጠራ። ረጅም፣ አጥንታም ሰው ነው። ለሌሎቹ ሴቶች እንብርታቸው ሥር ሲተክል ለዘይቱና ለምን አንጓዋ ላይ ብቻ እንደተከለ ጠየቀው።

«አስምላኛለች» አለ ወልደ አማኑኤል።

«እሷ ሞተች። አንተ ልትሰቀል ነው። መሐላው ለማን ይጠቅማል?»

ሰውዬው ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ስለ ሥራው ሲጠየቅ ግን አፉ ተፈታ። መርፌው አያስወልድም፣ ሰጪው እግዜር ነው፤ መርፌው የተናወጠ ደም ያረጋጋል፣ የወር አበባ መልክ ይይዛል፣ በሐሳብ ያለቀች ሴት እንቅልፍ ታገኛለች፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የሷና የፈጣሪዋ ነው አለ። ዋናው ሕጉ አንድ ነው፦ ባዶ ሆድ ላይ አይተክልም፤ ሰውን ራሱን አስቶ ይጥላል። ስለዚህ በረመዳን እስላሞቹን የሚቀበለው ካፈጠሩ በኋላ ነው።

«ዘይቱና ግን በቀን መጣች።»

«አስምላኛለች አልኩህ» አለ ወልደ አማኑኤል።

ቀጥሎ ዙቤዳ ቀረበች፤ የጀላል የመጀመሪያ ሚስት፣ የሟች ጣውንት ናት። ዓይኗ ደርቋል። ይገዙ ሳይጠይቃት ጀመረች።

«ወደድኳት ብዬ አልዋሽህም። እኔ ሦስት ስወልድለት አንድ ቀን ጥላ ይዞልኝ አያውቅም። እሷ ምንም ሳትወልድ ፀሐይ እንዳይነካት እስከ ፌርማታ ጥላ ይዞ ይሸኛት ነበር።»

«ከንጋት በፊት ሱሁሩን ማን አቀረበ?»

«እኔ። ካንድ ሳህን በላን። ከዚያ እንደኔው ጾማ ዋለች።»

«ከቤት ስትወጣ አሟት ነበር?»

ዙቤዳ መልሱን መዘነች። «አዎ» ብትል የሱሁሩ ሳህን በሷ ላይ እንደሚዞር ገብቷታል። «አላመማትም» ብትል ደግሞ ለጣውንቷ ጤና ልትመሰክር ነው፤ ያም ከበዳት።

«ደህና ነበረች» አለች በመጨረሻ። «ከዙህር ሶላት በኋላ እየሳቀች ነው የወጣችው። ሳቋ ነው ያናደደኝ።»

የወልደ አማኑኤል ሚስት እሙ በርጩማ አቅርባ፣ «አረፍ በል ወንድሜ» ብላ ተቀበለችው። ጣቶቿ በፈላ ውሃ ብዛት ተልጠዋል። መርፌዎቹን በየጠዋቱ የምትቀቅለው እሷ ናት፤ ባሏ «እነዚህን» ያላትን ከሣጥኑ እያወጣች። ልጅ እንደሌላቸው ይገዙ ግቢውን ሲያይ አውቆታል፤ የልጅ ጨርቅ የተሰጣበት ገመድ የለም።

«ምስኪን ጾመኛ ናት። በቤቴ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም» አለች።

«ዛሬ በሽተኛ ብዙ ነበር?»

«እሷ ብቻ ናት።»

«መርፌዎቹንስ ቀቀልሽ?»

«እንደ ሁልጊዜው፣ ሁሉንም።»

ይገዙ ሣጥኑን አስከፈተ። ለሆድ የሚተከሉት ረጃጅሞቹ እንዳይዝጉ ቫዝሊን ተቀብተው በጨርቅ ተጠቅልለዋል። ጣቱን አሳረፈባቸው፤ ቫዝሊኑ ወፍራም ነው፣ የጨርቁ ክር ሳይቀር ላዩ ላይ ተጣብቋል። እነዚህን ዛሬ የፈላ ውሃ አላያቸውም። ጣቱን በሱሪው ጠርጎ አመሰገናትና ወጣ።

ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታዘቀዝቅ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው። ጀላል ቆሞ፣ ዙቤዳ ጥግ ይዛ፣ እሙ በርጩማዋ ላይ፣ ወልደ አማኑኤል እንደታሰረ። ሻምበል በየነ አንዱን ወንበር ይዞ እግሩን አነባበረ።

ይገዙ ጉሮሮውን ጠረገ። ንግግር አልለመደም፤ ሲናገር የሚያዳምጠው አለቃ ኖሮት አያውቅም።

«መርፌ አልገደላትም። ትራሷ ኮሶ ኮሶ ይላል። ኮሶ ትል ያወጣል፤ ሲወፍር ግን ነፍስም ያወጣል።»

ሁሉም ዓይን ወደ ዙቤዳ ዞረ። ጀላል አንድ እርምጃ ቀረባት።

«ይቆዩ አቶ ጀላል። በሱሁር ጠጥታው ቢሆን ኖሮ ረፋዱ ላይ ባልደረሰች። እኩለ ቀን አልፎ እየሳቀች ወጥታለች። ይህን የነገረችኝ ራሷ ዙቤዳ ናት፤ ለመዋሸት ምክንያት ያላት ሴት። እዚህ መጥታ ነው የጠጣችው።»

«ጾመኛ አይደለች እንዴ?» አለ ሻምበሉ።

«ሁላችሁም እንዲያ አላችሁኝ። ይህ ሰው ግን ባዶ ሆድ ላይ መርፌ አይተክልም፤ ለሷ ተከለ። ጾም ላይ እንዳልነበረች ያውቃል ማለት ነው። ደግሞ ሆዷን አልነካም፣ አንጓዋን ብቻ።» ወደ ወልደ አማኑኤል ዞረ። «እኔ ልናገር፤ መሐላህ አይፈርስም። ሆዷን ያልነካኸው በሆዷ ሰው ስላለ ነው። ያረገዘች ሴት ጾሙን ለሌላ ጊዜ ታቆያለች። ከቤቷ የደበቀችውም ጣውንት ስላለች ነው።»

ወልደ አማኑኤል አንገቱን ደፋ። ጀላል ግድግዳውን ያዘ።

«አርግዛ ነበር?» አለ።

«እንግዲህ ማን ያውቅ ነበር? ለባሏ አልነገረች። መርፌኛው በመሐላ ታስሯል። ሆኖም ዛሬ ጠዋት ለአንድ ሰው ‹አጭሮቹን ብቻ ቀቅይ› ብሏል። በዚህ ቤት መርፌ ስትቀቅል የኖረች ሴት አጭሮቹ ብቻ ሲታዘዙ ሆዷ የማይነካ፣ ያረገዘች ሴት እንደምትመጣ አይጠፋትም። ዛሬ ያወቀችውን እንዳላወቀች ለመምሰል ‹ሁሉንም ቀቀልኩ› አለችኝ። የረጃጅሞቹ ቫዝሊን ግን አልተነካም።»

እሙ ተልጠው ያበጡት እጆቿን ከነጠላዋ ሥር ከተተች።

«ኮሶ መራራ ነው፤ ማንም ሳያውቅ አይጠጣም» አለ ሻምበሉ፤ አሁን እግሩን አውርዷል።

«በማርና በጥቁር አዝሙድ ከመጣ ይጠጣል ጌታዬ። ጥቁር አዝሙድ ለእስላም ከሞት በቀር የሁሉ ነገር መድኃኒት ነው። በዚያ ላይ ‹ጽንስ ያጸናል› ብላ ያቀረበችው የመርፌኛው ሚስት ናት። ይህን ቤት ያመነች ሴት ኩባያውን ትመልሳለች?»

ወልደ አማኑኤል ወደ ሚስቱ ዞረ። «እሙ፣ አይደለም በይው።»

እሙ የተናገረችው ለእሱ ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው በቤቱ የሌለ ይመስል።

«ከኮሪያ ስትመለስ በማን ገላ ተማርክ? እጅህ እስኪረጋ በእኔ ነው የወጋኸው። ሆዴ ወንፊት እስኪሆን ዝም አልኩ። ከዚያ ‹አንቺን እግዜር አላለሽም› ብለህ ተውከኝ። እኔ እቀቅላለሁ፣ አንተ ትተክላለህ፣ የሰው ሚስት ትወልዳለች፣ ለልጁ ክርስትና ወይ ዓቂቃ እንጠራለን። ዛሬ ‹አጭሮቹን› ስትለኝ ፊትህ በርቶ ነበር። ለእኔ በርቶ አያውቅም።» ትንፋሿን ሳበች። «እንድትሞት አልነበረም። ጽንሱ እንዲወርድ ነበር። ኮሶው በዛብኝ።»

ሻምበሉ ተነስቶ ገመዱን ከባልየው እጅ አስፈታ። ለሚስቱ ያዘጋጁት ያንኑ ገመድ ነው። በር ላይ ያሉት ዘመዶች ነገሩን ሰምተው መንገድ ለቀቁ። ሻምበሉ በመውጫው ላይ «ጥሩ አድርገናል» አለ፤ ‹ናል› የምትለዋን ይገዙ ዋጣት፣ ስንቱን እንደዋጠ።

እሙ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ዙቤዳ መንገዷን ዘጋች። ፖሊሶቹ ልትመታት መስሏቸው ጠጋ አሉ። ዙቤዳ ግን ወደ እሙ ጆሮ አጎነበሰች።

«እኔም አስቤው ነበር እህቴ» አለቻት። «የበላንበት ሳህን ላይ ቁጭ ብዬ አስቤው ነበር።»

ይገዙ ሰማ። ቃሏን አልመዘገበውም፤ ሕጉ ለታሰበ ነገር አንቀጽ የለውም።

ሬሳው በወንዶች ትከሻ ወደ መቃብር ወጣ፤ ጀላል ከፊት ከፊት ይሄዳል። ወልደ አማኑኤል ባዶው ሳሎን ውስጥ የተፈታ አንጓውን እያሸ ቆመ። ቀጥሎ በርጩማው ላይ የቀረውን የሚስቱን ጋቢ አነሳና ይገዙን ጠየቀው።

«ጣቢያው ብርድ ነው?»

«ብርድ ነው።»

ጋቢውን ብብቱ ሥር አድርጎ፣ በሩን ሳይዘጋ፣ የፖሊስ መኪናው እሙን ይዞ በሄደበት በኩል በእግሩ ተከተለ።