የቀረው ቀይ መስመር

ሟቹ ከኋላ ጭንቅላቱን ተመቶ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ኮምፒውተሩ ግን አልጠፋም። ለሆስፒታል የሚሠራው ፕሮግራም ኮድ ተዘርግቶበታል፤ ከመሃል ጀምሮ እስከ ታች ከየስሙ ሥር ቀይ መስመር ተሰምሮበታል።

«የመጨረሻዎቹ መስመሮች የተጻፉት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው» አለ ፖሊሱ። «ያኔ አለቃውና ባልደረባው ደንበኛ ዘንድ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ቢሮ የቀረችው እዚሁ አብራው የምትሠራው ሚስቱ ብቻ ናት። ታዲያ ምኑ ይመረመራል?»

መርማሪዋ ፖሊስ ከመሆኗ በፊት ኮድ ስትጽፍ የኖረች ናትና ነገሩ አልዋጥላት አለ። ሚስትየው በካቴና ታስራ በሩ አጠገብ ቆማለች። ልጇን ከትምህርት ቤት ማን እንደሚያመጣላት ደጋግማ ትጠይቃለች፤ ማን ሰምቷት!

«እህቴ፣ ከምሳ ስትመለሺ አላየሽውም?»

«በሩ ዝግ ነበር። ሲሠራ አይረበሽም። ዛሬ ሥራ መልቀቁን ለአለቃው ሊነግረው ነበር፤ እሱን እያሰበ መስሎኝ…» እንባዋ ቀደማት።

«ኮዳችሁ ውስጥ በሽተኛውን በምን ስም ነው የምትጠሩት?»

«ተገልጋይ። ድሮ ታካሚ ነበር። ጤነኛም ለምርመራ ይመጣል ብዬ ስጨቀጭቀው ዛሬ ጠዋት ከየቦታው ለወጠው።»

ባልደረባውም ያንኑ አለ። «እኔ አጠገቡ እያለሁ ነው የለወጠው።»

«አለቃህስ ስብሰባው ላይ ምን ይሠራ ነበር?»

«ላፕቶፑን ሲጎረጉር ነው የዋለው። ማስታወሻ የሚይዝ መስሎኝ።»

አለቃው ጠዋት ቢሮ ዝር እንዳላለ፣ ከቤቱ በቀጥታ ወደ ስብሰባው እንደሄደ ተናገረ። በሽተኛው ኮዱ ውስጥ በምን ስም እንደሚጠራ ሲጠየቅ ደረቱን ነፋ። «ታካሚ ነዋ! እኔው ራሴ ያወጣሁት!»

መርማሪዋ ሁሉንም ኮምፒውተሩ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«አንድ ቅንፍ ተከፍቶ ካልተዘጋ ማሽኑ ግራ ይገባዋል። ከዚያ በታች የትኛው ስም የምን እንደሆነ መለየት ያቅተውና ሁሉንም ያቀላዋል። ሟቹ የተመታው ቅንፍ ከፍቶ ሳይዘጋ ነው። እዩ።»

ቅንፉን ዘጋችው። ቀዩ ሁሉ ድራሹ ጠፋ። አንድ ብቻ ቀረ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከተጻፉት መስመሮች ውስጥ፣ ታካሚ ከሚለው ስም ሥር።

«ይህ የቀላው ስሙ ስለተለወጠና ማሽኑ ስለማያውቀው ነው። ሟቹ ጠዋት በገዛ እጁ የነቀለውን ስም ከሰዓት መልሶ ይጽፈዋል?»

«በፍጹም!» አለ ባልደረባው።

«ያስለወጠችው ሚስቱም አትጽፈውም። አንተም ስታይ ነበር። የጻፈው መለወጡን ያልሰማ ሰው ነው። ሟቹ ሚስቱ ለምሳ በወጣችበት ሰዓት ተገደለ፤ መስመሮቹ ደግሞ በሕይወት ያለ እንዲመስል ከስብሰባው ላይ በላፕቶፕ ወደዚህ ኮምፒውተር ተላኩ። ኮዱ ሁሉ ቀልቶ ስለነበር ጸሐፊው የራሱን ቀይ ሳያየው ቀረ። የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል፣ ጌታዬ።»

አለቃው ወደ በሩ አፈገፈገ። «ጥሎኝ ሊሄድ!» ብሎ ጮኸ። «ያለ እሱ ይህ ድርጅት አንድ ቀን አያድርም! ለምኜው ነበር እኮ!»

ካቴናው ከሚስትየው እጅ ወጥቶ ወደ አለቃው እጅ ዞረ። እሷ ግን ወዲያው አልወጣችም። ኮዱን ትኩር ብላ አየችው።

«ያንን የዘጉትን ቅንፍ ያጥፉልኝ፣ እባክዎ። እሱ እንደተወው ይሁን።»

መርማሪዋ አጠፋችው። ኮዱ መልሶ ቀላ፤ ሚስትየውም ልጇን ልታመጣ ሄደች።