ቀይ የበራበት ነብሬ

በዋሻ አምባ ሰማይ የሚጠገነው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። ጠጋኞቹ ረጃጅም መሰላላቸውን ተሸክመው ወደ ዓለቱ ጣሪያ ይወጣሉ፣ የተቃጠለውን መብራት ያወርዳሉ፣ አዲሱን ይሰቅላሉ። ከተማዋም እስከ ማታ ድንግዝግዝ ብላ ትውላለች። ነብሬዎች ከጎሬያቸው የሚወጡት ድንግዝግዝ ሲል ስለሆነ ዶክተር ውድነሽ ክሊኒኳን የምትከፍተው በዚሁ ቀን ነው። በሌላ ቀን የሚመጣ ሰው እንቅልፍ የወሰደውን እንስሳ ታቅፎ "አልነቃ አለኝ፣ ሞተብኝ" እያለ ልቧን ያደርቀዋል።

ነብሬ የሚሉት ነብርማውን እንሽላሊት ነው፤ ቢጫ፣ ባለ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ስቡን እንደ ስንቅ በጅራቱ የሚቋጥር። የላይኛው ምድር በሙቀት ሲነድ ወደ ዋሻው የወረዱት መሥራቾች ውሻና ድመት የሚቀልቡበት አልነበራቸውም። ነብሬ ግን በረሮና ፌንጣ ከሰጡት ጠግቦ ያድራል። ዛሬ ነብሬ የሌለበት ቤት ሰው እንደሌለበት ይቆጠራል።

የዚያን ማክሰኞ ጠዋት ውድነሽ ለሥራ ስትዘጋጅ የስድስት ዓመት ልጇ ናርዶስ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷን ታሻለች።

"እማዬ፣ ዛሬም እግሬን አመመኝ።"

ውድነሽ ዳሳሹን አውጥታ የልጅቷን እጅ አስቀመጠችበት። ዳሳሽ መዳፍ የሚያህል ጥቁር መስታወት ነው። የነካውን ሰው ወይም እንስሳ ደምና አጥንት ያያል፤ ጤነኛ ከሆነ አረንጓዴ፣ ካልሆነ ቀይ ይበራል። አረንጓዴ በራ።

"አየሽ? ምንም የለብሽም። የማደግ ነው፤ እኔንም በልጅነቴ እንዲሁ ያደርገኝ ነበር።"

ናርዶስ አመነች። እናቷም አመነች፤ ልጇ ማታ ማታ እያቃሰተች ስትተኛ ሌላ የምትይዘው ነገር አልነበራትማ። የልጅቷ እግሮች እንደ ቀስት ወደ ውጭ ጎብጠዋል። አክስቶቿ "የአምባ እግር ይሏል ይሄ ነው!" እያሉ ያደንቁላታል። ሠላሳ ዓመት ሲሞላት እንደማንኛውም ሰው ተደግሶላት፣ እልል ተብሎላት ምርኩዟን ትቀበላለች። ውድነሽ የራሷን የተቀበለችው አምና ነው። እጀታው ላይ የነብሬ ራስ ተቀርጾበታል፤ ትኮራበታለች።

ክሊኒኩ ገና ከመከፈቱ ሰው ሞላው። አንዲት ሙሽራ ያመጣችው ነብሬ ቆዳውን ሲገፍ ጣቶቹ ላይ አሮጌው ቆዳ እንደ ቀለበት ቀርቶበት ነበር። እንደዚያ ከቆየ ደም አጥቶ ጣቱ ይወድቃል። ውድነሽ እግሮቹን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክራ በጥጥ እያሻሸች ቀስ ብላ አላቀቀችለትና "ጎሬው ውስጥ እርጥብ ጨርቅ አንጥፊለት፤ ደረቅ ቤት ውስጥ ቆዳ አይለቅም" አለቻት። ቀጥሎ የመጣው ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቷል፤ ከፌንጣው ጋር አሸዋ ሲውጥ ከርሟል። ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ አስቀምጣ ሆዱን በአውራ ጣቷ ወደ ታች ወደ ታች አሸችው። "አሸዋውን አውጥታችሁ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተኩ ብዬ ያልጮህኩበት ሳምንት አለ?" ብላ ባለቤቱን ተቆጣችው። ሰውዬው ሳቀ። የዋሻ አምባ ሰው ምክር ሲሰጡት ይስቃል፣ ነብሬው ሲሞት ደግሞ ሐኪሟን ያማል።

ሦስተኛው ሰው ገና ሳይቀመጥ በሩ በምርኩዝ ተመታ። የገቡት እትዬ አልጣሽ ናቸው፤ የመደዳው፣ ማለትም በአንድ መተላለፊያ ያሉት ቤቶች ሁሉ፣ ሊቀመንበር። ከኋላቸው ጋሽ በላቸው ገቡ። የአየር ጉድጓዱን የሚጠርጉ የስድሳ ዓመት ሰው ናቸው፤ ምርኩዝ አልያዙም። በዚህም ሰው "ወግ የናቀ" እያለ ያማቸዋል። ከደረት ኪሳቸው ሻምበል የሚሉት ነብሬያቸው አንገቱን ብቅ አድርጓል።

"ዶክተር፣ ቀይ በርቶበታል" አሉ እትዬ አልጣሽ። "ሁለቴ ዳሰስኩት፣ ሁለቴም ቀይ። ዛሬውኑ ይወገድልን።"

"ሻምበል ምንም አልሆነም" አሉ ጋሽ በላቸው። "ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይቆጣኛል እንኳ።"

"ያን ጊዜም እንደዚሁ ተብሎ ነበር።"

ያን ጊዜ ያሉት ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ጅራት አቅጥን የሚባል ወረርሽኝ ገብቶ ነበር፤ የነብሬው ጅራት እንደ ክር እየቀጠነ በተቅማጥ ያልቃል። አንዲት ልበ ርኅሩኅ ጎረቤት ቀይ የበራበትን ነብሬዋን አልጋ ሥር ደበቀች፤ መደዳው በሙሉ አለቀ። እትዬ አልጣሽ ያን ጊዜ የቀበሩት የሟች ልጃቸውን ነብሬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀይ የበራበት ነብሬ ቀኑን አያድርም፤ ቀይ የበራበት ሰው ደግሞ ወደ ታችኛው ክፍል ወርዶ ለብቻው ይቀመጣል። ሕግ ነው።

ውድነሽ ሻምበልን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ጅራቱ የደነደነ። ነገር ግን ሲራመድ ሆዱን ከመሬት አንስቶ፣ በአራት እግሩ ቆሞ ሄደ። እሷ የምታውቃቸው ነብሬዎች ሁሉ ሆዳቸውን እየጎተቱ ነው የሚሄዱት። መንጋጋውን በጣቶቿ ያዝ አደረገችው፤ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ሆነባት። የጤነኛ ነብሬ መንጋጋ ጫን ሲሉት እንደ ላስቲክ እሺ ይላል፤ እንዲህ የተማረችው በእጇ ካለፉት ሁሉ ነው። የራሷን ዳሳሽ አስጠጋች። ቀይ።

"ሰውነቱ ደርቋል" አለች። "እግሮቹ የተገተሩት ለዚህ ነው። ይቅርታ ጋሽ በላቸው።"

"ቀና ብሎ ስለሄደ ነው?"

ውድነሽ የመግደያውን መርፌ ሞላች። መርፌውን ስትወጋው ሻምበል በሽማግሌው መዳፍ ላይ ነበር። ጣታቸውን አንዴ ነከስ አድርጎ ያዘ፣ ከዚያ ለቀቀ። እትዬ አልጣሽ በዚህ አላበቁም፤ ዳሳሻቸውን አውጥተው "አብሮት የሚተኛ ሰውም ይታይ" አሉና የጋሽ በላቸውን እጅ ያዙ። ያም ቀይ በራ፤ የዓመቱ ዳሰሳ ሲደረግ ነብሬያቸውን ይዘው ጉድጓድ ውስጥ ስለሚውሉ እስከዛሬ ታይተው አያውቁም ነበር። ጋሽ በላቸው አልተከራከሩም። ዕቃቸውን ሊሰበስቡ በምርኩዝ ድምፅ ታጅበው ወጡ።

ሕጉ ሬሳው ተከፍቶ በሽታው እንዲታወቅ ያዛል። ውድነሽ ሻምበልን ከፈተችው፤ የፈለገችውን ግን አጣች። ጉበቱ ጤነኛ ነው፣ አንጀቱ ንጹሕ ነው። የጭን አጥንቱን ለማየት ብላ በመቆንጠጫ ጫን ስትለው "ቀጭ" አለ። በሕይወቷ ብዙ ነብሬ ከፍታለች፤ አጥንታቸው ይታጠፋል እንጂ ሲሰበር ድምፅ ሰምታ አታውቅም።

ክሊኒኩ መግቢያ ላይ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የመጀመሪያዋ ነብሬ አጽም ተቀምጧል፤ መሥራቾቹ ይዘዋት የወረዱት። እግሮቿ ቀጥ ያሉ ናቸው። ሁሉም ሰው "ዘሯ ሌላ ነው፣ የላይኛው ዓለም ዘር" ይላል፤ ውድነሽም ስትል ኖራለች። አሁን የሻምበልን አጥንት ወስዳ ከጎኗ አስቀመጠችው። አንድ ናቸው።

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና ዳሳሹን አየችው። መሥራቾቹ የላይኛው ዓለም ልክ ለዋሻ አይሆንም ብለው፣ ዳሳሹ ጤና ምን እንደሆነ ከሚያያቸው እንዲማር አድርገው ነበር የሠሩት። በየዓመቱ ነብሬውንም ሰውንም ሁሉ ይዳስሳል፣ መካከለኛውን ጤና ብሎ ይይዛል፣ ከመካከለኛው በራቀው ላይ ቀይ ይበራል። የመሥራቾቹ መብራቶች ደግሞ ካለቁ ዘመን አልፏል፤ አምባው የራሱን ይሠራል። የአምባው መብራት ያበራል፣ ያሞቃል። ፀሐይ የምትሰጠውን፣ ዓይን የማያየውን የአጥንት ጨረር ይስጥ አይስጥ ግን ማንም ጠይቆ አያውቅም። ያለዚያ ጨረር እሷ በየፌንጣው ላይ ነስንሱ እያለች የምታድለው የካልሲየም ዱቄት በሆድ አልፎ ይወጣል እንጂ አጥንት አይሆንም። ሁሉም እኩል ቀስ እያለ ስለታመመ ዳሳሹ አብሯቸው ታመመ። እሷም አብራ ታመመች፤ እሷም የተማረችው ከምታያቸው ነው።

በአምባው ያለውን አንድ ጤነኛ ነብሬ በገዛ እጇ ገድላለች። አፈረች፣ አለቀሰችም። ከዚያ የናርዶስ ጉልበት ትዝ አላትና ዕንባዋ ደረቀ።

ጋሽ በላቸው ጋ የደረሰችው እትዬ አልጣሽና ሊወስዷቸው የመጡት ሰዎች በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ ነው።

"ጋሽ በላቸው፣ ሻምበልን ምን አድርገውለት ነበር?"

"ምን አደርግለታለሁ? ጉድጓዱን ልጠርግ ጫፍ ድረስ ስወጣ በኪሴ ይዤው እወጣለሁ። ፀሐይ አሞቀዋለሁ።"

"ፀሐይ ትገድላለች።"

"ቀትር ላይ ትገድላለች። ማለዳ ግን ገር ናት፤ ድንጋዩ ሳይግል መውረድ ነው።" ሰዎቹን በዓይናቸው ሰርቀው አዩና የአየር ጉድጓዱን ቁልፍ መዳፏ ውስጥ አስገቡ። "ልጅ አለሽ አይደል?"

ውድነሽ ወደ እትዬ አልጣሽ ዞረች። "እትዬ አልጣሽ፣ ይስሙኝ። የታመሙት እሳቸው አይደሉም። እኛ ነን።"

"ስንቶቻችን?"

"ሁላችንም።"

እትዬ አልጣሽ አልተቆጡም፤ እንዲያውም አዘኑላት። "ልጄ፣ ድካም ነው። ሁሉም ከታመመ በሽታ ማለት ምን ሊሆን ነው? እንዳገሩ ይኖሯል።" ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ በጎበጡ እግሮቻቸው እየተንገዳገዱ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱትን ሽማግሌ መብራት ወደሌለበት ታችኛው ክፍል ይዘዋቸው ወረዱ። የአምባው ሸንጎም ውድነሽ አቤት ብትል "የከተማው ዳሰሳ አረንጓዴ ነው" ብሎ መለሳት።

ከዚያ በኋላ ማለዳ ማለዳ "ሰው እስኪገኝ ጉድጓዱን እጠርጋለሁ" እያለች ናርዶስን አዝላ መውጣት ጀመረች። መሰላሉ ጉልበቷን ያቃጥላታል፤ ምርኩዟን ታች ትታው ነው የምትወጣው። ናርዶስ መጀመሪያ ቀን ፀሐይዋን ስታይ ፊቷን እናቷ አንገት ውስጥ ቀበረች። ቆይታ በአንድ ዓይኗ እያየች "ይቺን ማን ነው የሚጠግናት?" አለች።

"ማንም።"

"ተበላሽታ አታውቅም?"

ድንጋዩ ሞቅ ሲል ወረዱ።

ወራት አለፉ። ናርዶስ ማታ ማቃሰት ተወች፣ እግሮቿ ቀስ በቀስ ቀና አሉ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ውድነሽ እንደ ልማዷ የልጇን እጅ ዳሳሹ ላይ አስቀመጠች። መስታወቱ ጥቂት አመነታ። ከዚያ ቀይ በራ።

እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ወዲያው በእጇ ከደነችው። ልጇ ድናለች። በዋሻ አምባ እግሯ የቀና ብቸኛ ልጅ ናት፣ ቀይ የበራባት ብቸኛ ልጅ ናት፤ የዓመቱ ዳሰሳም እየመጣ ነው። የመደዳውን ልጆች ግማሹን እንኳ ፀሐይ ብታሞቅ መካከለኛው ይቀየርና ዳሳሹ ራሱ ሐሳቡን ይለውጥ ነበር። ግን የትኛዋ እናት ናት አረንጓዴ ልጇን ወደምትገድል ፀሐይ አውጡልኝ ብላ የምትሰጥ? ከጥቂት ወራት በፊት እሷ ራሷ ትሰጥ ነበር? የሻምበልን ባለቤት ዓይን እያየች መርፌ የወጋች እሷ አይደለችም?

"እማዬ፣ እይ!" አለች ናርዶስ፤ በሩን ከፍታ በመተላለፊያው ላይ ሮጠች። በአምባው ልጅ አይሮጥም። ጎረቤቶች በየበራቸው ብቅ ብለው አዩ፤ አንዷ የልብስ ቅርጫቷን አስቀምጣ ወደ እትዬ አልጣሽ ቤት ዞረች። ትንሽ ቆይቶ ከመተላለፊያው ማዶ የምርኩዝ ድምፅ ተሰማ፤ ወደዚህ እየመጣ ነው።

ውድነሽ ልጇን ክንዷን ይዛ ወደ ቤት አስገባቻት። በሩን ዘጋች፣ ፊት ለፊቷ ተንበረከከች፣ ሁለቱን ቀጥ ያሉ እግሮች በመዳፎቿ ያዘች።

"ናርዶስ፣ ስሚኝ የኔ ልጅ። ጉልበትሽን ወደ ውጭ አድርጊው። እንደሱ። አሁን እንደ እኔ ወዘወዝ እያልሽ ተራመጂ።"

"ለምን? አላመመኝም እኮ።"

"አውቃለሁ" አለች ውድነሽ። "እንደ ድሮው እንዳመመሽ ሆነሽ ሂጂ። በይ፣ ደግመሽ አሳዪኝ።"

ልጅቷ ግራ እየተጋባች ከአልጋው እስከ በሩ እያነከሰች ሄደች። እናቷም የምርኩዙን ድምፅ እያዳመጠች "ጎሽ፣ ጎሽ" አለቻት።