ሹል አፍንጫው ባቡርና የተፋው ሽንት ቤት

ሽታው እትዬ አባይነሽን የተቀበላቸው በር ላይ አይደለም፤ መንገድ ማዶ ድረስ መጥቶ ነው። የጎረቤቱ ውሻ ሽታውን ሸሽቶ ሦስት አጥር ዘሎ ማኪኒ ከተማ ገብቷል ቢባል፣ በዚያ የሐምሌ ቅዳሜ ከዳላስ አጠገብ ሪቻርድሰን ውስጥ የሚጠራጠር አይገኝም ነበር።

«እፍ!» አሉ መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ ጭነው። «ይሄ የሬሳ ሽታ አይደለም። ሬሳ እንዲህ ለመሽተት ቀን ይፈልጋል።»

አዲስ አበባ ሳሉ አሥራ አንድ ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበሩ። አሁን አውሮፕላን ማረፊያው ካለው የመኪና ማቆሚያ መውጫ ላይ፣ ከቁም ሣጥን በማትሰፋ ክፍል ተቀምጠው ትኬት ይቀበላሉ። እሳቸው ከፖሊስ ሥራ ቢለቁም አፍንጫቸው አልለቀቀም።

የጠራቻቸው ሸዋረገድ ናት። አጎቷ አቶ እንግዳ ቀትር ላይ ጋራዡ ውስጥ ሞተው ተገኙ። ሬሳውን አምቡላንስ ወስዶታል።

«እትዬ፣ በክትፎ መርዘሽ ገደልሻቸው እየተባልኩ ነው!» አለች ሸዋረገድ፣ ከአረጋውያን መጦሪያው የመጣችበትን የሥራ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ። «ፖሊሱ አሥር ሰዓት ላይ ተመልሶ ይወስደኛል። የጥገኝነት ጉዳዬን ዳኛው የሚያየው ማክሰኞ ነው። ታስሬ ከቀረሁ አለቀልኝ።»

«ክትፎውን መቼ ሠራሽ?»

«ትናንት። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ ስሄድ ፍሪጅ ውስጥ ትቼላቸው ነበር።»

«ሬሳው ሳይነሣ ስትደርሺ ምን ይመስሉ ነበር? አንቺ ሕመምተኛ ታያለሽ፣ ንገሪኝ።»

ሸዋረገድ አሰብ አደረገች። «ከንፈራቸው፣ ጥፍራቸው ሳይቀር፣ ሊፕስቲክ የተቀቡ ይመስል ቀይ ነበር።»

እትዬ አባይነሽ መሐረባቸውን ዝቅ አደረጉ። ሰዓታቸውን አዩ፤ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው።

ጋራዡ መሐል ጠረጴዛው ላይ፣ አንድ ክንድ ተኩል የሚረዝም ባቡር ተጋድሟል። አፍንጫው እንደ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ምንቃር ሹል ነው። ከበላዩ ግድግዳው ላይ «ሥራ የጀመረበት፦ መጋቢት 1997 እ.ኤ.አ.» ተብሎ በአቶ እንግዳ እጅ ተጽፏል። አቶ እንግዳ በወጣትነታቸው ከድሬዳዋ የባቡር ጥገና ቤት ተልከው ጃፓን ስምንት ወር ተምረዋል። ይህን ባቡር አንድ ዓመት ሙሉ ሲጠርቡት ኖረው፣ ዛሬ የመጨረሻ ቀለሙን እየረጩት ነበር። አቧራ እርጥብ ቀለም ላይ እንዳይቀመጥ የጋራዡን በር ዙሪያውን በጎማ አሽገውታል። አየር የሚገባበት ከግድግዳው ሥር አንድ ቀዳዳ፣ የሚወጣበት ደግሞ ከበላዩ ዙሪያው በብርማ ፕላስተር የተለጠፈ አንድ ትልቅ ማራገቢያ ብቻ ነው። ጥጉ ላይ የጋዝ ውሃ ማሞቂያው ቆሟል።

ከባቡሩ ጎን የክትፎው ሳህን አለ። ዝንቦቹ ክትፎውን አልብሰውት ሳህኑ የሚተነፍስ ይመስላል። ግን ከመንገድ ማዶ የተቀበላቸው ሽታ የዚህ አልነበረም። ያ የሚመጣው ከሌላው ጥግ፣ ከትንሿ ሽንት ቤት ነው። አፍንጫቸውን ይዘው በሯን በክርናቸው ገፉት።

መቀመጫው፣ ወለሉ፣ ግድግዳው እስከ ጉልበት ድረስ በቆሻሻ ውሃ ተረጭቷል። የመጸዳጃ ሳህኑ ውሃ ግን የለም።

«እርይ!» አሉና በሩን መልሰው ገፉት። ሽንት ቤት ስለሚተፋ ነገር ከአቶ እንግዳ አፍ ብዙ ጊዜ ሰምተዋል።

ተከራዩ ሞላልኝ ማድ ቤት ተቀምጦ ወተት በጋሎኑ ይጋታል። የታክሲ ሹፌር ነው፤ ሌሊት ነድቶ ጠዋት ይገባል። ለፖሊሱ ክትፎውን የጠቆመው እሱ ነው።

«ከእንቅልፌ ስነሣ ቤቱ ይሸታል፣ ሶ፣ የተበላሸ ሥጋ ነው አልኩ» አለ።

«ጠዋት ስትገባስ ምን አደረግህ?»

«ሻወር ወሰድኩ፤ ልብሴን ማሽን ውስጥ ከተትኩ፤ ተኛሁ።»

«ሻወሩ ስንት ሰዓት ፈጀ?»

«ማለቴ... አንድ ሰዓት ቢሆን ነው።»

«አንድ ሰዓት! ዝሆን ነው የምታጥበው?» አሉ እትዬ አባይነሽ። ዓይናቸው ወተቱ ላይ ነበር። «ወተት ትወዳለህ?»

ሞላልኝ ጋሎኑን አስቀመጠ። ላቡ ጉንጩ ላይ ወረደ። «ለማንም እንዳይነግሩብኝ። ከክትፎው ሰርቄ በልቻለሁ። ሦስት... አራት ጉርሻ። ወተት መርዝ ያረክሳል ሲባል ሰምቼ ነው።»

«መቼ በላህ?»

«ሁለት ሰዓት ላይ።»

«ስድስት ሰዓት ሙሉ ሞት እየጠበቅህ ነዋ! አይዞህ፣ በጥጋብ እንጂ በክትፎ አትሞትም» አሉት።

ሳሎን ውስጥ የአቶ እንግዳ ወዳጅ ሞገስ ያለቅሳል። የሞገስን ልቅሶ ፎርት ወርዝ ያለ ሰው ቢሰማው ጥቁር ለብሶ ይመጣ ነበር። በዚያ ሙቀት ጋቢ ተከናንቧል፤ አፍንጫውንም በጋቢው ጫፍ ይጠርጋል። እትዬ አባይነሽ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። ዳላስን ከሂውስተን በፈጣን ባቡር አገናኛለሁ የሚል አንድ የፍሪስኮ ኩባንያ ቀጥሮታል፤ ሰኞ በኢንጂነርነት ሥራ ይጀምራል። ነገ እሁድ ደግሞ አቶ እንግዳ ባቡራቸውን በኢትዮጵያውያን ማኅበር አዳራሽ ሊያሳዩና ስለ እሱም ሊመሰክሩለት ነበር።

«ጋሼ እንግዳ አባቴ ነበሩ፣ እትዬ» አለ ሞገስ። «ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጥቼ ባቡራቸውን አይቼ ሄድኩ። ቀትር ላይ ስመለስ... ምን ልበልዎት! ጠረጴዛው ሥር! ወዲያው 911 ኮል አደረግኩ።»

«አንተም ጃፓን እንደዚህ ባቡር ላይ ሠርተሃል አሉ።»

«ይሄንኑ ነዋ! ሹል አፍንጫውን! በሰዓት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር፣ እትዬ። ከመሐንዲሶቹ ጋር አብሬ ስንት ቀን ሞክሬዋለሁ። ከዚያ ነው ወደ ቴክሳስ የመጣሁት።»

«እዚህ ስንት ዓመትህ ነው?»

«በነሐሴ ሰባት ዓመት ይሞላኛል።»

እትዬ አባይነሽ የሚያዩት እጁን ነበር። ጣቶቹ ላይ እንደ ክር የቀጠኑ ደርዘን ጭረቶች አሉ። ጫማው ተረከዝ ላይ ደግሞ ብርማ ፕላስተር ተጣብቋል።

ወጥተው ጋራዡን በውጭ ዞሩት። የአየር መግቢያው ከቁጥቋጦ ጀርባ ነው። በወንፊት ሽቦ ተሸፍኗል፤ ሽቦው ላይ አቧራና ደረቅ ቅጠል ሞልቶ፣ መሐሉ ግን ተጠርጎ ጸድቷል። አንድ ነጭ የጥጥ ክር ተሰክቶ ይውለበለባል።

«ሸዋረገድ» ብለው ተጣሩ። «ይህን ማራገቢያ ማን ገጠመው?»

«ሞገስ ነው። ኢንጂነር አይደል?»

ልክ አሥር ሰዓት ላይ ፖሊሱ ደረሰ። እትዬ አባይነሽ በእንግሊዝኛቸው አሥር ደቂቃ እንዲሰጣቸው ለመኑት፤ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰቡ። ሸዋረገድ ከፖሊሱ ጎን ቁጭ ብላ የሚያወሩትን በጆሮው ትተረጉምለታለች።

«በክትፎ የሞተ ሰው የለም» ብለው ጀመሩ። «የበላ ምስክር አለኝ፤ ስሙን አልጠራም፤ ወተት እየጠጣ ነው።»

ሞላልኝ ጣሪያውን አየ።

«አቶ እንግዳን የገደላቸው የውሃ ማሞቂያው ጭስ ነው። ሽታ የሌለው ጭስ ከንፈርን ቀይ ያደርጋል። ጭሱ በጭስ ማውጫው መውጣት ሲገባው ለምን ወደ ውስጥ ገባ? ይህን የነገረኝ ሽንት ቤቱ ነው።»

«ሽንት ቤቱ?» አለ ሞገስ።

«አቶ እንግዳ ሁልጊዜ የሚያወሩት ጨዋታ ነበራቸው። ጃፓኖች በፈረንጆች 1964 የመጀመሪያውን ፈጣን ባቡር ሲያስነሱ፣ ዋሻ ሲገባ የተሳፋሪ ጆሮ እንዳያም ክፍሉን አሸጉት። ሽንት ቤቱን ግን ረሱት። ባቡሩ ዋሻ በገባ ቁጥር የአየሩ ግፊት ከታች ያለውን ቆሻሻ መልሶ ይተፋው ነበር። ኋላ እሱንም አሽገው ገላገሉት። ከዚያም የዋሻ አፍ ላይ እንደ መድፍ እንዳይጮህ ብለው፣ አዲሱን የወፍ አፍንጫ ሠሩለት። ይህ ቤትም ዛሬ የታሸገ ባቡር ነበር። ማራገቢያው አየር እየሳበ ያወጣል፤ መግቢያው ክፍት ከሆነ ምንም የለም። መግቢያው ከተደፈነ ግን ማራገቢያው ከየትም ይስባል፤ ከሽንት ቤቱ ግማት፣ ከማሞቂያው ጭስ። ሞላልኝ ሻወሩን ከፈተ፤ ማሞቂያው ነደደ፤ ጭሱ ወደ ታች ወረደ። እሱ የሚያውቀው ነገር የለም።»

«ታዲያ ራሳቸው ደፍነውት ይሆናላ!» አለ ሞገስ። «ሽማግሌ አይደሉ? ነፋስ ይፈራሉ። እኛ ቤት መስኮት የማይዘጋ ሽማግሌ አለ?»

«እሱንማ አስበህበታል። ነፋስ የሚፈራ ሰው ግን የሚደፍነው ከተቀመጠበት፣ ከውስጥ ነው። ይህ የተደፈነው ከውጭ ነው። በዚህ ግለት ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ፣ ከግድግዳ ጀርባ ነፋስ የሚከልል ምን ዓይነት ሽማግሌ ነው? ደግሞስ ሞተው ሳለ ማን አወጣው?»

ሞገስ ጋቢውን ወደ ራሱ ሰበሰበ።

«እኔ ቀኑን ሙሉ የማየው ፊት አይደለም፤ ትኬት የሚያቀብለኝን እጅ ነው። የአንተ እጅ የኢንጂነር እጅ አይደለም። ቆርቆሮ የሚቆርጥ፣ የአየር ማቀዝቀዣ የሚጠግን ሰው እጅ ነው። ጫማህ ላይ ያለው ፕላስተርም ማራገቢያውን የገጠምክበት ነው። ሹል አፍንጫው ባቡር ደግሞ፣ አቶ እንግዳ ግድግዳቸው ላይ እንደጻፉት፣ ሥራ የጀመረው አምና መጋቢት ነው። አንተ ቴክሳስ ከገባህ ሰባት ዓመትህ። ያልተወለደ ባቡር ላይ ነው የሠራኸው።»

«እትዬ፣ እኔ...»

«እስቲ ያን ጋቢ ስጠኝ።»

ሞገስ ጋቢውን አጥብቆ ያዘ። ፖሊሱ ከወንበሩ ተነሣ። ሞገስ ያን ጊዜ ለቀቀው፤ እትዬ አባይነሽ በሁለት ጣት ይዘው ዘረጉት። መሐሉ ላይ፣ ማራገቢያው ሽቦው ላይ መጥጦ ባጣበቀው ቦታ፣ የወንፊቱ አራት ማዕዘኖች በአቧራ ቁልጭ ብለው ታትመዋል። ደረቅ ቅጠል ረገፈ። ጫፉ በንፍጥ ርሷል።

«የገደልክበትን ጨርቅ ተከናንበህ ታለቅስባቸዋለህ» አሉ። ፊታቸው ሽንት ቤቱን ሲያዩ ከነበረው ይልቅ ተጨማዶ ነበር።

«ነገ ሰው ፊት ሊጠይቁኝ ነበር!» ሞገስ ጮኸ። «‹የመጀመሪያው ባቡር ሽንት ቤት ለምን ተፋ? እዚያ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል› አሉኝ። ባቡር አይቼ አላውቅም! ውሸቱን ከልጆቼ ጀምሮ ሁሉም አምኗል፤ ሰኞ ሥራ እገባለሁ። አትጠይቁኝ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ ሳቁብኝ!»

«ያፈርክበት ሙያህ እኮ ጥሩ ሙያ ነበር» አሉ እትዬ አባይነሽ። «አንዴ በደንብ ብትጠቀምበት ደግሞ ለዚህ አዋልከው።»

ፖሊሱ ጋቢውን ከረጢት ውስጥ ከቶ ሞገስን ይዞ ሲወጣ፣ ሸዋረገድን በጭንቅላቱ ብቻ ደህና ሁኚ አላት። ሸዋረገድ ወንበሯ ላይ ቀረች። ማክሰኞ ማክሰኞ እያለች ታለቅሳለች፤ ልቅሶው ግን የእፎይታ ነበር።

እትዬ አባይነሽ ማድ ቤት ገብተው እጃቸውን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠቡ። ከዚያ ጋራዡን በሰፊው ከፈቱት። ሹል አፍንጫው ባቡር አንድ ጎኑ ብቻ ቀለም ተቀብቶ ብርሃን ላይ ወጣ።

«አቶ እንግዳ» አሉ መሐረባቸውን ወደ አፍንጫቸው እየመለሱ፣ «ለነገ ያሰቡትን ጥያቄ ሽንት ቤትዎ ዛሬውኑ ጠይቆልዎታል።»