ማንንም አትምረጡ

ሻንጣው ጎማ ነበረው። በእኛ ጭቃ ላይ ጎማ ያለው ሻንጣ የሚጎትት ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም። እስከ ጉልበቱ ተለቅልቆ፣ ሻንጣውን እንደ እምቢተኛ በግ እየጎተተ ከወንዙ በኩል መጣ።

«ጎማው ለጌጥ ነው?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ሻጩ በየትኛውም መንገድ ይሄዳል ብሎኝ ነበር።»

«ሻጩ መንገድ አይቶ ያውቃል?»

ሳቀ። በሰው መሳቅ ልማዴ ነው፤ ዘመዶቼ «ምላጭ» የሚሉኝ በከንቱ አይደለም። አብሮኝ በራሱ ላይ የሚስቅ ሰው ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ነገር የተበላሸው ያኔ ነው።

አሠራራችንን ልንገራችሁ፣ ያለዚያ ታሪኩ አይገባችሁም። ጫካው የእኛ ነው፤ ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ የኖርንበት። ከወንዙ ማዶ ኮረብታው ላይ ትልቅ ሆቴል አለ። ያም መሬት የዘመዶቻችን ነበር። ሆቴሉ መጀመሪያ ከመሃላቸው አንድ መልከ መልካም፣ አንደበተ ጣፋጭ ልጅ ለአስጎብኚነት መረጠ። ቀጥሎ ሌላ መረጠ። ያልተመረጠው አኮረፈ፤ ያኮረፈው መሬቱን ሸጠ። ዛሬ ልጆቻቸው በገዛ መሬታቸው ላይ የሰው በር ይዘው «እንኳን ደህና መጡ» ይላሉ።

እኛ ዘጠኙ ቤቶች ይህን አይተን አንድ ሕግ አወጣን፦ እንግዳ ቤት አይመርጥም። ተራ ነው። ተራውን የሚያሳየው አንድ አረንጓዴ የፕላስቲክ ወንበር ነው። ወንበሩ የተቀመጠበት ደጅ የዕለቱን እንግዳ ያሳድራል፣ ጫካውን ያስጎበኛል። በማግስቱ ጠዋት ተራ ጠባቂው አጎቴ ወንበሩን ተሸክሞ ወደ ቀጣዩ ደጅ ይሄዳል፤ እንግዳውም ሻንጣውን ይዞ ይከተላል።

የዚያን ዕለት ወንበሩ እኛ ደጅ ነበር።

እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት የእንግዳ መኝታ ብቻ ታነጥፋለች፤ ጫካው የእኔ ድርሻ ነው። የእንግዶችን ቋንቋ እነሱ ጥለውት ከሚሄዱት ጋዜጣና ከመድኃኒት ወረቀት ነው የለቀምኩት። ማንም አላስተማረኝም፣ ማንንም አላመሰግንም።

«ሥራህ ምንድን ነው?» አልኩት መንገድ ላይ።

«ሊፍት እጠግናለሁ። ቀኑን ሙሉ የማየው ግድግዳ ነው። ወደ ላይ የሚሄድ ግድግዳ፣ ወደ ታች የሚሄድ ግድግዳ። ማታ ደግሞ አባቴ አለ፤ አልጋ ላይ ነው፣ እኔ ነኝ የማጎርሰው። አሁን እህቴ ተክታኝ ነው።»

«ታዲያ ከሆቴሉ ምቾት የእኛን ጭቃ ምን አስመረጠህ?»

«የጉዞ ወኪሏ የሆቴሉን ፎቶ አሳየችኝ። ‹ጫካው የማን ነው?› አልኳት። ‹ከክፍሉ ጋር ይመጣል› አለችኝ።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ጫካ ከክፍል ጋር አይመጣም አልኳትና የባለቤቶቹን ቤት ጠየቅኩ።»

 

ወደ አሮጌው ዛፍ ወሰድኩት። ውስጡ ባዶ ነው፤ ንብ ሰፍሮበታል።

«ጆሮህን ለጥፍ።»

ለጠፈ። እኔም በሌላው ጎን ለጠፍኩ። በመካከላችን ዛፉ ብቻ ነበር።

«ሞተር ነው» አለ ዓይኑን ጨፍኖ።

«ንብ ነው፣ አንተ!»

«ይሁን። ጤነኛ ሞተር እንዲህ ነው ድምፁ... ስሰማው ሥራ እንደሌለብኝ አውቃለሁ። ደስ ይለኛል።»

ጉንጬ ላይ የዛፉ ልጥ ታትሞ እስክንመለስ አልጠፋም።

በማግስቱ አጎቴ ወንበሩን አነሳ። ሰውየው ሻንጣውን ይዞ እየዞረ እያየኝ ተከተለ። ቀትር ላይ በአጥር በኩል ጠራኝ።

«ሰለቸሁሽ እንዴ? ለሌላ ሰው አሳልፈሽ ሰጠሽኝ።»

«እኔ ምን ቤት ነኝ! ተራ ነው። አንተ ወንበሩ ባለበት ነህ። ወንበሩ ወደ እኛ ደጅ ቢመለስ አንተም ትመለሳለህ... አይመለስም እንጂ!»

በሳቅ ነው ያልኩት። በሳቅ!

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሬን ስከፍት ወንበሩ ደጃችን ቆሟል። አጠገቡ ሻንጣው፤ ከሻንጣው አጠገብ እሱ፣ ጥርሱ ሁሉ ወጥቶ።

«ተመለሰ!» አለ።

መልስ ሳልሰጠው የአክስቴ ጩኸት መንደሩን ቀሰቀሰው። ተራው የእሷ ነበር። ደጇን ጠርጋ፣ አዲስ አንሶላ አንጥፋ ወደ ውስጥ ገብታ ስትመለስ ወንበሩ የለም።

«ወንበሬን! የገዛ የእህቴ ልጅ ወንበሬን!»

ሰው ተሰበሰበ። እሱ ወደ ፊት ወጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ ጋሼ። እሷ አታውቅም።»

አጎቴ ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ልጄ፣ እንግዳ አያጠፋም። እንግዳ ያስተማሩትን ነው የሚሠራው። ሆቴሉን ትተህ እኛን ሁላችንን መርጠህ ስትመጣ ደስ ብሎን ነበር። አሁን ከመሃላችን አንዷን ትመርጣለህ? ማዶም የተጀመረው እንዲሁ ነው።»

ሰውየው ሻንጣውን አንስቶ አክስቴን ተከተለ። አጎቴ ያለው እውነት ነዋ!

አክስቴ ወደ ጫካ ይዛው ከሄደች በኋላ ፍርዱ ተሰጠ። ክረምቱ አልፎ በጋ እስኪመለስ ወንበሩ እኛ ደጅ አይቆምም።

«ጋሼ፣ እናቴ ምን አደረገች?» አልኩ።

«ተራ ያለው ቤቱ ነው፣ ሰው አይደለም።»

እናቴ ጉልበቷን እያሸች «ተዪው ልጄ፣ ወንበር ነው» አለችኝ። ከዚያ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እሱ ይህን አልሰማም። በማግስቱ በአጥሩ በኩል አንገቱን ብቅ አደረገ።

«ዘጠኝ ቤት አይደላችሁ? የዕረፍት ፈቃዴን አራዘምኩ። አሁን በሥርዓት ነው፤ ወንበር አልነካም! ቤት ለቤት ዞሬ ተራሽ ላይ እደርሳለሁ።»

ልነግረው ፈለግኩ። ፊቱ ግን እንደ ሕፃን ፊት በርቷል። ምላጭ የሚሉኝ ሴትዮ ዶለዶምኩ።

ዞረ። አክስቴ ቤት ማንኮራፋቷ እንቅልፍ ነሳው። በሌላው ቤት ልጆቹ ሻንጣው ላይ እየተሳፈሩ ጎማውን ገነጠሉለት፤ «ተገላገልኩ» አለ። ሽማግሌው ጎረቤታችን ጉንዳን ሲያሳዩት ዋሉ፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ጉንዳን! ባለፈ ባገደመ ቁጥር በሩቁ «ቀረብኩ!» ይለኛል። እናቴ እኔን ታየኛለች፣ እኔ መሬት አያለሁ።

ደረሰ። የዚያን ቀን ጠዋት ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ፣ ጎማ አልባውን ሻንጣ ተሸክሞ ከአጎቴ ኋላ መጣ። ደጄ ላይ ቆሜ ነበር። መቆም አልነበረብኝም፤ እግሬ ነው የወሰደኝ።

ወንበሩ መጣ... መጣ... አለፈ።

«ጋሼ! አልፈውት ሄዱ እኮ!» አለ እሱ እየሳቀ።

አጎቴ አልዞረም። «አውቄ ነው፣ ልጄ» አለ። ድምፁ ደከመብኝ። ወንበሩን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ፣ እንደ ድንጋይ የከበደው ይመስል።

ሰውየው ሻንጣውን መሬት ላይ ለቀቀው።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎህ ነበራ!» አልኩና ወደ ቤት ገባሁ።

ከዚህ በላይ መቆየት አልቻለም። አባቱ ከእህቱ እጅ አልጎርስም ማለት ጀምሮ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሊሄድ ተነሳ።

እንግዳ መቀበል ተራ አለው። ሻንጣ ተሸክሞ እስከ አስፋልቱ መሸኘት ግን ተራ የለውም፤ በዚያ ጭቃ ማን ይሻማበታል? ሄጄ ሻንጣውን ትከሻዬ ላይ አደረግኩት። አክስቴ ቀድማ አየችኝ። «ቀስ በይ፣ ያዳልጣል» ብቻ አለች። አጎቴ ወደ ሰማይ አየ፤ ሰማዩ ላይ ምንም አልነበረም።

ግማሽ መንገድ ላይ ደረስን።

«ነይ ከእኔ ጋር» አለኝ።

«እናቴስ? ወንበሩ ሲመለስ አስጎብኚ የሌለውን ቤት ያልፈዋል። በእኔ የተዘጋ ደጅ በእኔ ይከፈት እንጂ።»

«እሺ፣ እኔ ልቅር።»

«ሊፍት የለንም።»

«አንቺ ደግሞ!»

ሳቅን። ሳቁ መሃል ላይ ተበጠሰ።

«አባትህንስ ማን ያጎርሰዋል?» አልኩት ቀስ ብዬ።

ጠላት ቢኖረን በተጣላነው... አጎቴ እውነቱን ነው፣ እናቴ እውነቷን ነው፣ አባቱ እውነቱን ነው።

አስፋልቱ ዳር አውቶቡሱ ከሩቅ ታየ።

«አንድ ነገር ቃል ልግባልሽ» አለ። «በየሕንፃው ሰው አገኛለሁ፤ ሁሉም ለዕረፍት የት ልሂድ ይላል። እናንተ ዘንድ እልካቸዋለሁ። ያንቺን ነገር ግን ለማንም አላነሳም። ‹ሁሉም ጥሩ ናቸው፣ ማንንም አትምረጡ› ነው የምላቸው።»

በዕድሜዬ ከሰማሁት የፍቅር ቃል ሁሉ ይኼ ይበልጣል። ሻንጣውን አቀበልኩት። እጁ እጄ ላይ ቆየ። ረዳቱ «ቶሎ በሉ እንጂ!» አለ። ተሳፈረ።

ክረምቱ አለፈ፤ እንግዶች መጡ። «ሕንፃችን ላይ ሊፍት የሚጠግን ልጅ ነው የላከን። ማንንም አትምረጡ ብሎናል» እያሉ ወንበሩ ባለበት ደጅ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። አክስቴ «ጨዋ ልጅ ነበር እኮ!» ትላለች አሁን።

አንድ ቀን ወንበሩ እኛም ደጅ ቆመ። እናቴ የወንበሩን መደገፊያ በእጇ ዳሰሰችው። ተራችን ያመጣልን እንግዳ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። እሳቸውንም የላካቸው እሱ ነው።

«አባቱ ደህና ናቸው?» አልኳቸው እንደ ዘበት።

«አሉ፤ አሁንም እሱ ነው የሚያጎርሳቸው። ከዚያ አልጋ አጠገብ ንቅንቅ አይልም።»

እንደማይመጣ ያኔ አወቅኩ። አላለቀስኩም፤ የሰው እንግዳ ይዤ እንዴት አለቅሳለሁ?

«ስለ እኛ ሌላ ምን አለ?»

«ሁሉም ጥሩ ናቸው አለ። ሌላማ... አዎ! ‹ዛፍ ላይ ጆሮ መለጠፍ እንዳይረሱ› ብሎኛል። የትኛው ዛፍ እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

ወሰድኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጆሯቸውን ለጠፉ። እኔም በሌላው ጎን ለጠፍኩ።

«ሞተር ይመስላል፣ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው። «ጤነኛ ሞተር።»