ሦስት ከስምንት ፊት

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ዓ.ም.፣ በቻይናውያን አቆጣጠር የጥንቸል ዘመን በገባ በአምስተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ በማካው ውስጠኛ ወደብ ላይ ጉም ተኝቶ ነበር፤ የበዓሉ ርችት ሽታ ከመንገዱ ገና አልለቀቀም፤ ወደ ታይፓ ደሴት የሚያሻግረው አዲሱ ድልድይም ከተመረቀ ገና አራት ወሩ ነበር። በሊዝበን ወታደሮች መንግሥት ገልብጠው ስለነበር፣ ማካውን የሚገዙት ፖርቱጋሎች ነገ ይሄዳሉ፣ ከነገ ወዲያ ይሄዳሉ እየተባለ በየሻይ ቤቱ ይወራል፤ ይሁንና በዚያ ቀን «የጨረቃ በር» በተባለው ቁማር ቤት ለተሰበሰበው ሕዝብ የዓለም ጉዳይ ሁሉ ከአንዲት አረንጓዴ ጠረጴዛ አይበልጥም ነበር።

ከጠረጴዛዋ ኋላ ካርታ ለማደል የቆመችው ሎ ኪት-ፋ ትባላለች፤ ዕድሜዋ ሃያ ሦስት ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ በታይፓ ርችት ፋብሪካ ወረቀት ስትጠቀልልና ስትለጥፍ ኖራለች፤ ፋብሪካው ግን ሊዘጋ ነው፤ እናቷም ባሩድ ያቃጠለውን እጇን ታቅፋ ቤት ከዋለች ሰንብታለች። ያ ቀን የፈተናዋ ቀን ነበር፤ እስኪመሽ ሳትሳሳት ካደለች ትቀጠራለች፤ አንዲት ስሕተት ከተገኘባት በመጣችበት ድልድይ ትመለሳለች። ይህን የነገሯት የአዳራሹ አለቃ ሲኞር ሴኬይራ ናቸው፤ አባታቸው ፖርቱጋላዊ፣ እናታቸው የካንቶን ቻይናዊት፣ በአሮጌዎቹ ጨዋታዎች ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ የተከበሩ ሰው። ባካራ የሚባለው ይህ የካርታ ጨዋታ ግን ለእርሳቸውም አዲስ ነበር፤ ይህንን ለማንም አልተነፈሱም እንጂ።

ጨዋታው ላወቀው ቀላል ነው። ሁለት ወገን አለ፤ አንዱ «ተጫዋች»፣ ሌላው «ባንክ» ይባላል፤ ሰው በፈቀደው ላይ ያስይዛል። ለየወገኑ ሁለት ሁለት ካርታ ይታደላል፤ ለዘጠኝ የቀረበው ይበላል፤ አሥርና ሥዕል ያለበት ካርታ ባዶ ነው፤ ድምሩ አሥር ከሞላ ወይም ካለፈ አሥሩ ይጣላል። ተጫዋች አምስትና ከዚያ በታች ከያዘ አንድ ይጨምራል፤ ባንክ ግን የተጫዋችን ሦስተኛ ካርታ አይቶ ነው ወይ የሚጨምር ወይ የሚቆም። ነገር የሚጠመዘዘው እዚህች ላይ ነው።

በዚያች ሰዓት የሆንግ ኮንጉ ባለ መርከብ ንጋይ በተጫዋች ላይ አምስት ሺህ ፓታካ አስይዞ ተቀምጧል። የቀረው ሕዝብ ዓሣ ሻጯን እትዬ ሙይን ተከትሎ በባንክ ላይ ሃምሳ ሃምሳውን ደርድሯል። ካርታ ወጣ፤ ተጫዋች ንጉሥና አራት፣ ማለት አራት፤ ባንክ አምስትና ስምንት፣ አሥሩ ተጥሎ ሦስት። ለተጫዋች ሦስተኛው ተሰጠ፤ ብዙ ያስያዘ ሰው የመግለጥ መብት አለውና ንጋይ ካርታውን እንደ ተደፋ ተቀበለ፤ በሁለት አውራ ጣቱ ከዳር በኩል ቀስ እያለ ይልጠው ጀመር።

«ሦስት እግር አለው» አለ ጥርሱን ነክሶ። ሦስት እግር ማለት በዳሩ ሦስት ምልክት የታየበት፣ ስድስት፣ ሰባት ወይም ስምንት ነው፤ የሚለየው መሐሉ ላይ ባለው ምልክት ነው።

«ንፉ ጎበዝ፣ መሐሉን አጥፉበት» አለች እትዬ ሙይ፤ ሰዉም ጉንጩን ነፍቶ እፍ አለ።

«አንቺ ዓሣሽ ላይ ንፊ» አላት ንጋይ፤ ካርታውንም ገለጠው። ስምንት ነበረ። አራትና ስምንት አሥራ ሁለት፤ አሥሩ ተጥሎ ሁለት።

«ባንክ ሦስት፤ ቆሟል» አለች ኪት-ፋ። «ባንክ በልቷል።»

«ምን አልሽ? ሦስት ይዞ የሚቆም ባንክ የት አገር ነው ያየሽው? ካርታ አውጪ እንጂ» አለ ንጋይ።

«ከስምንት ፊት ይቆማል፣ ጌታዬ።»

ሴኬይራ ደረሱ፤ ካርታዎቹን ተመለከቱ። «ልጄ፣ ሦስት ምንጊዜም ይጨምራል። አውጪ» አሏት። እውነቱን እንናገር፤ ሰውየው ሌባ አልነበሩም። ባንክ ሦስት ሲይዝ በሌላው ካርታ ሁሉ ላይ ይጨምራል፤ ከስምንት በቀር። ያቺ ስምንት በእርሳቸው ፊት ወድቃ አታውቅም ነበርና ምንጊዜም ያሉት ከልባቸው ነው።

ኪት-ፋ ካርታ አላወጣችም፤ ርችት ቤት የቸኮለ እጅ ጣት ያስከፍላል። ብታወጣ አለቃዋን ታስደስታለች፤ እነዚህ ድሆች የበሉትን ግን እንደገና ለዕድል ትጥላለች፤ ባታወጣ እናቷ ፊት ባዶ እጇን ትገባለች።

«ሲኞር፣ ሰሌዳው እንዲህ አይልም» አለች።

«የቱ ሰሌዳ?»

በጣቷ ግድግዳውን አሳየች፤ ሰውም ዞረ። ጨዋታው ሲገባ የተሰቀለው የሕጉ ሰሌዳ ለአዲስ ዓመት በተለጠፈ ቀይ የገድ ወረቀት ተሸፍኗል። ፖርቱጋልኛውን ባታነብም ቍጥሮቹን ከመሸፈናቸው በፊት ሳምንት ሙሉ እየመጣች ቆማ አጥንታቸዋለች።

«ገድ ሊቀደድ? የበዓሉ አሥራ አምስት ቀን ሳይሞላ?» አለ ንጋይ። «ይህች ልጅ ቤቱን ልታዘጋ ነው የመጣችው።»

እትዬ ሙይ እንኳ ፈራች። «ተይ ልጄ፣ ሃምሳዬ ትቅርብኝ። ገድ አይነካም።»

«አልቀደውም፣ እትዬ። እልጠዋለሁ። ሻይዎን ያውሱኝ።»

በርጩማ ላይ ወጣች፤ ሙጫው የሩዝ ዱቄት እንደ ሆነ ታውቃለች፤ ዕድሜዋን ከእርሱ ጋር ኖራለች። መሐረቧን ለብ ባለው ሻይ እየነከረች ዳር ዳሩን አራሰችው፤ ጠበቀች፤ በሁለት አውራ ጣቷ ይዛ ከጥጉ ቀስ እያለች መላጥ ጀመረች። መጀመሪያ አንድ ሰው እፍ አለ፤ ሁለተኛው ተከተለው፤ ኋላ አዳራሹ በሙሉ ጉንጩን ነፋ። ወረቀቱ አንዲት ጭረት ሳይነካው ወረደ።

ሴኬይራ መነጽራቸውን አደረጉ። ከእርሳቸው በቀር ያን ቋንቋ የሚያነብ በአዳራሹ አልነበረም፤ የወደዱትን ቢሉ መስካሪ የለባቸውም። አንድ ጊዜ አነበቡ፤ ደገሙት፤ አንገታቸው ቀላ።

«ባንክ ሦስት ሲይዝ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «የተጫዋች ሦስተኛ ካርታ ስምንት ከሆነ፣ ይቆማል። ልጅቷ ልክ ናት፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። ክፈዪ፣ ወይዘሪት ሎ።»

አዳራሹ በእልልታና በጭብጨባ ተናጋ፤ ወይዘሪት ተብላ ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነበርና ኪት-ፋ እዚያው በርጩማው ላይ እንባዋ መጣ። እትዬ ሙይ ጭኗን መታች፤ «እኔን ብሎ ብልጥ፤ አምስት መቶ አላስይዝም ነበር?» ንጋይም ሰሌዳውን አሻቅቦ አየና ሳቀ። «ከሰው ተበልቼ አውቃለሁ፤ ከግድግዳ ግን የመጀመሪያዬ ነው። በይ አድዪ፣ ልጄ።»

ሲመሽ ሴኬይራ ወረቀቱን አጥፈው ከሥራ ልብሷ ጋር ሰጧት፤ ሰሌዳው ከእንግዲህ አይሸፈንም አሉ። እርስዋም በድልድዩ ተሻግራ የእናቷ በር ላይ ለጠፈችው፤ እናትየው በደኅናው እጇ ጥጉን ያዘችላት።

የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ስለ ድልድዩና ስለ ሊዝበን ወታደሮች ብዙ ቀለም አፍስሰዋል፤ ስለ ሎ ኪት-ፋ አንዲት መስመር አልጻፉም፤ የጨረቃ በርም ፈርሶ ሰሌዳው የት እንደ ገባ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን በዚያች ከተማ ባንክ ሦስት ይዞ የተጫዋች ስምንት በወጣ ቍጥር፣ የሚያድለው ሰው ማንንም ሳይጠይቅ እጁን ሰብስቦ ይቆማል፤ ከእርሱ በፊት ማን እንደ ቆመች ሳያውቅ።