የልደታ ዕለት ወንፈል

ቤትን በራስ እጅ መሥራት ይረክሳል የሚባለው ውሸት ነው። ይህን የሚያወሩት ወይ ቤት ሠርተው የማያውቁ ናቸው፣ ወይ ሠርተው ሲያበቁ የወጣባቸውን ሁሉ ለመናገር ያፈሩ ናቸው፤ እኔ ሠርቻለሁ፣ አላፍርም፣ ስለዚህ እናገራለሁ። ሲሚንቶ አልገዛሁም፣ ለግንበኛም አልከፈልኩም፣ በዚያ በኩል ተርፎኛል፣ አልክድም፤ ግን አንድ ወጪ አለብኝ፣ ለማን እንደምከፍለው እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ዕድሜዬን ያስተማርኩ ሰው ነኝ፣ በመምህራን ክፍል የጋኔን፣ የዛር፣ የዓይነ ጥላ ወሬ በተነሣ ቁጥር መጽሐፌን አጥፌ የምከራከረው እኔ ነኝ፣ ባልደረቦቼ ገና ጉሮሮዬን ስጠርግ «መጣ ደግሞ!» ይላሉ። እንዲህ ያሉ ታሪኮች ሁልጊዜ የሚፈጸሙት በጨለማ፣ ያውም ተራኪው ከጠላ ቤት ሲመለስ መሆኑን ልብ ብላችኋል? እኔ ልብ ብያለሁ። የእኔ ግን የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው፣ የቀመስኩትም ነፍሮ ብቻ ነው፣ ነፍሮ ደግሞ እንደማያሰክር እናንተም ታውቃላችሁ።

ነገሩ የተጀመረው በእናቴ ምክንያት ነው። አባቴ ሲሞት ከገበዝ ማርያም፣ ከቋሪት አምጥቼ ከእኔ ጋር በኪራይ ቤት አስቀመጥኳት፣ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፣ እጇ ግን የሁለት ዓይን ሥራ ይሠራል። ባለፈው ዓመት አከራያችን ልጃቸው ሊያገባ መሆኑን ነገሩንና «ሰኔ ሳይገባ ብትለቁልኝ» አሉ፣ በጨዋ ደንብ አሉት፣ ግን ልቀቁ ያው ልቀቁ ነው። ወደ ቡሬ መውጫው ላይ ለዓመታት ሣር የሚያበቅል ቁራሽ ቦታ ነበረኝ። ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ልሠራ ወሰንኩ፣ የውጩ ለእኔ፣ የውስጡ ለእናቴ፣ ዝናቡ ሳይቀድመኝ።

እንጨቱን ያቆሙልኝና ቆርቆሮውን የመቱልኝ አያ ስመኝ የሚባሉ ሽማግሌ አናጢ ናቸው። የእሳቸው ሥራ ያለቀ ዕለት መጥረቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው «መምህር፣ ለጭቃው ወንፈል ያዝ» አሉኝ።

ወንፈል የከተማ ሰው ላያውቀው ይችላል፤ ዛሬ ጎረቤቴ ለእኔ ይሠራል፣ ሌላ ቀን እኔ ለእሱ እሠራለሁ፣ ገንዘብ የለበትም፣ ቀን የሚመለሰው በቀን ነው፣ ያን ዕለት ሠሪውን የሚያበላው ደግሞ ባለ ሥራው ነው።

«አልይዝም፣ አያ ስመኝ።»

«ምነው?»

«የሰው ዕዳ አልወድም። አንዱ የኔን ጭቃ ይረግጥና በክረምት በቆሎዬን ኰትኩትልኝ ቢለኝስ?»

«ትኰተኩታለሃ! ወገብህ ለወንበር ብቻ ነው እንዴ የተሠራው?»

«ብቻዬን እሠራዋለሁ።»

ሳቁብኝ። «ምርጊት እኮ ብቻ አይሆንም፣ ልጄ። አንዱ ከውጭ ይመታል፣ አንዱ ከውስጥ ይቀበላል። ብቻህን ከሆንክ ከውጭ የመታኸው ጭቃ በማገሩ መሐል ሾልኮ ውስጥ ይዘረገፋል፣ ግድግዳ እሠራለሁ ስትል ወለል ሠርተህ ታድራለህ።»

እውነታቸውን ነበር፣ ግን እኔ አንድ ሰው እውነቱን ነው ብዬ ሐሳቤን ቀይሬ አላውቅም። የውጩን ክፍል ብቻዬን መረግሁት። ከውጭ እመታለሁ፣ እሮጣለሁ፣ ውስጥ የተዘረገፈውን አፍሳለሁ፣ መልሼ እለጥፋለሁ፣ እንደገና ወደ ውጭ እሮጣለሁ፤ ያ ክፍል ሲያልቅ ግድግዳው እርጉዝ ላም መስሎ ነበር። ሲደርቅ ደግሞ ተሰነጣጠቀ። ሚያዝያ አለቀ፣ በስተምዕራብ በኩል ከሰዓት ደመና ማንዣበብ ጀመረ፣ የእናቴ ክፍል ግን ገና አጽሙ ብቻ ቆሟል፣ ሰማይ በማገሩ መሐል ይታያል።

ለእሱ የሚሆነውን አፈር ከጭድ ጋር አቡክቼ ጉድጓዱ ውስጥ ከሳምንት በላይ አቆይቼዋለሁ፣ ደርሷል፣ ሽታውም ይናገራል። የሚረገጥበት ቀን ግን የግንቦት ልደታ ላይ ዋለ። በእኛ አገር በልደታ ሥራ የሚነካ የለም፣ ሰፈርተኛው ነፍሮውንና ዳቦውን ይዞ ከቤት ይወጣል፣ ከታች ካለው ሾላ ሥር ተሰብስቦ ይውላል። እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት ነፃ የምሆንበት ቀን ነበር፣ ሱሪዬን ሰበሰብኩና ጭቃው ጉድጓድ ውስጥ ወረድኩ።

ጎረቤቴ እታለም ይመናሹ፣ ምላሷ የማይደክም ሴት ናት፣ ሰፌዷን ይዛ ስታልፍ አየችኝ።

«አንተየ፣ በልደታ?»

«ለእናቴ ቤት ስሠራ ማርያም ምን ይከፋታል?»

«እሷስ ላይከፋት ይችላል። በረዶው ሲመጣ ግን የመምህሩን ቤት ለይቶ አይመታም፣ የኛንም ጓሮ ነው!» አለችና ሄደች።

ሰፈሩ ጭር አለ። መጥረቢያ የለም፣ ወፍጮ የለም፣ ውሻ እንኳ ሰዎቹን ተከትሎ ወርዷል። ጭቃ ሲረገጥ የሚያወጣው ድምፅ አለ፣ እግር ሲገባ ይውጣል፣ ሲወጣ ይጮሃል፣ እኔም በዚያ ድምፅ ውስጥ ሐሳቤን ይዤ እረግጣለሁ። ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ፣ አንድ ነገር ልብ አልኩ፤ በእኔ ሁለት እርምጃ መሐል ሌላ እርምጃ አለ። የእኔ እግር ይገባል፣ ሳላወጣው ሌላ እግር ይወጣል።

ቆምኩ። ሁለት ጊዜ ረገጠና እሱም ቆመ።

እመኑኝ፣ አልደነገጥኩም። ወዲያው ምክንያት አገኘሁለት፣ ገደል ማሚቶ ነው፣ ባዶ ቤት ላይ የተመታ አዲስ ቆርቆሮ ድምፅ ይመልሳል። ገደል ማሚቶ ግን ስትፈጥኑ ይፈጥናል፣ አይደለም? ስለዚህ ፈጠንኩ። እሱ አልፈጠነም። ከበድ ያለ፣ የማይቸኩል፣ ጭቃ ዕድሜ ልኩን የረገጠ ሰው አረጋገጥ ነበር፣ እኔ ስሯሯጥ በራሱ ልክ ይሄዳል፣ ጥቂት ቆይቶም የገረመኝ ነገር፣ እኔው ሳላውቀው በእሱ ልክ እየረገጥኩ ነበር። ሥራው ቀለለኝ። የለመደኝ የወገብ ሕመም ለቀቀኝ። ይህን ስጽፍ የሚከብደኝ ፍርሃቱ አይደለም፣ ደስ ማለቱ ነው።

ከዚያ ጭቃውን እየተሸከምኩ የእናቴን ክፍል ከውጭ መምታት ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ጥፍጥፍ በማገሩ መሐል ገፋሁት፣ እንደለመድኩት ውስጥ ሲዘረገፍ ለመስማት ጠበቅሁ። አልተዘረገፈም። ሁለተኛውን ደገምኩ፣ እሱም ቆመ። ጭቃው በደንብ ስለቦካ ነው አልኩ፣ ይኼም ምክንያት ነው፣ የማይረባ ምክንያትም አይደለም። በሦስተኛው ላይ ግን መዳፌን አሳርፌ ስጫን ጭቃው መልሶ ተጫነኝ። ቀስ ብሎ፣ ልክ በእኔ ጉልበት መጠን፣ ከወዲያ በኩል ሌላ መዳፍ እንደሚቀበለው ሆኖ። ቀጥሎም ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ የሚል ድምፅ ከውስጥ ሰማሁ፣ ሰው ጭቃ ለጥፎ ሲያበቃ በእጁ መታ መታ የሚያደርገው ዓይነት።

ለምን ወዲያው ገብተህ አላየህም ትሉኛላችሁ። ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄዋለሁ፣ መልሱን ስነግራችሁ ትታዘቡኛላችሁ፤ ሥራው እየተሠራልኝ ስለነበር ነው። ብገባ የሚቆም መሰለኝ። ደመናው እየመጣ ነው፣ እናቴ ክፍል የላትም፣ እኔ ደግሞ ዕዳ የማልወደው ሰው በነጻ የሚቀበለኝ እጅ አግኝቻለሁ። ዝም ብዬ መታሁ፣ ዝም ብሎ ተቀበለኝ፣ ቀትር ሲሆን ክፍሉ ሊያልቅ አንድ ክንድ ያህል ቀረው።

ያኔ ነው እታለም ይመናሹ ከሾላው ሥር የመጣችው፣ በሁለት ሳህን ነፍሮ ይዛ።

«እንኩ፣ ብሉ። አንዱ ያንተ ነው፣ አንዱ የሰውየው።»

«የየትኛው ሰውየ?»

«ውስጥ ያለው ነዋ! ከጠዋት ጀምሮ ጠፍ ጠፍ ስትሉ የማንሰማ መሰለህ? ብቻህን ብትሆን ስሰድብህ እውል ነበር፣ ሰው ለምነህ መሥራትህን ስሰማ ግን አንጀቴን በላኸኝ፣ መምህርም ሰው ፈለገ አልኩ።»

«ማንም የለም፣ ብቻዬን ነኝ።»

«ሰስተህ ነው!» አለችና እየሳቀች ሳህኖቹን ከቋሚው ሥር አስቀምጣ ተመለሰች።

ያኔ ገባሁ። ማንም የለም። ግድግዳው እስከተመታበት ድረስ ከውስጥ በኩል ተለስልሷል፣ ቀጥ ያለ፣ ጣቶች ያለፉበት መስመር ረጅም ሆኖ ከጥግ እስከ ጥግ ይሄዳል። ወለሉ ላይ አያ ስመኝ ከእንጨት ያራገፉት ልጣጭና ትቢያ እንደተነጠፈ ነው፣ የእኔ እግር አሁን ካሳረፈው በቀር አንድም ዱካ የለበትም።

ወጣሁና ተቀመጥኩ፣ ራበኝ፣ በላሁ። የእኔን ጨረስኩ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን ሳህን ሳብኩና እሱንም ጨረስኩ። ማንም ስለሌለ በላሁት፤ ስበላ ያሰብኩት ይህን ብቻ ነበር። ከሰዓት የቀረውን አንድ ክንድ ስመታ ጭቃው በማገሩ አልፎ ውስጥ ተዘረገፈ። እስከ ማታ ስሮጥ ዋልኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ግድግዳው ደረቀና እናቴን አመጣኋት። የውጩን ክፍል በመዳፏ እየዳሰሰች ዞረች፣ ፈገግ አለች።

«ይህ ያንተ ነው፣ ልጄ። ትቸኩላለህ።»

ወደ ውስጠኛው አስገባኋት። እጇን ግድግዳው ላይ አሳረፈች፣ ጥቂት ሄደች፣ ቆመች፣ ተመልሳ ዳሰሰች።

«ይህንንስ ማን መረገው?»

«እኔ።»

«ውሸታም። ይህ የሚችል ሰው እጅ ነው።»

የውጩን በር አየሁ፣ ለመሳቅ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። እኔ፣ የመምህራን ክፍሉ ተከራካሪ፣ ምን ብዬ እንደጠየቅኋት ልንገራችሁ፤ «የአባቴ እጅ ነው እንዴ?» አልኳት።

«አባትህ? አባትህ ጭቃ መች ይሆንለት ነበር! ይህንን እጅ አላውቀውም። ትልቅ ነው፣ ግራኝ ነው።» ቀጠለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ምን አበላኸው?» አለችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። ስለ እግሩ፣ ስለ መዳፉ፣ ስለ እታለም ይመናሹ ሳህኖች። ሁለተኛውን ሳህን ማን እንደበላው ስነግራት እጇን ከግድግዳው ላይ አነሣች።

«ሰው ወንፈል ወጥቶልህ ምሳውን በላህበት?»

«ሰው አልነበረም እኮ፣ እናቴ፣ ገብቼ አይቻለሁ።»

«ሠርቷል፣ አልሠራም?»

«ሠርቷል።»

«እንግዲያ ቀኑን ሳትመልስለት እኔን እዚህ አታስተኛኝም። ቀኑን ሊጠይቅ የመጣ ዕለት የሚያገኘው ማንን ነው? አንተ ትምህርት ቤት ነህ። እኔን ነው። ምን ልለው ነው?»

ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ የምትተኛው በውጩ ክፍል፣ በተሰነጣጠቀው ግድግዳዬ ሥር ነው፣ ንፋስ ይገባባታል፣ ክረምቱን ሙሉ ስታስል ከረመች፣ ያ ልሙጡ፣ ደረቁ፣ ሙቁ ክፍል ባዶውን ይውላል። ለምኛታለሁ፣ ተቆጥቻታለሁ፣ ካነበብኩት ሁሉ ጠቅሼ ተከራክሬአታለሁ፣ እሷ የምትለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ «መለስክ?»

ልመልስ ሞክሬአለሁ። ዕዳ የማልወደው ሰውዬ አያ ስመኝ ከሚሠሩባቸው ቤቶች እየሄድኩ ጭቃ ረገጥኩ፣ ሁለት ቤት በፍኖተ ሰላም፣ አንድ ቤት ቡሬ፣ በክረምቱም የእታለም ይመናሹን በቆሎ ኰተኰትኩ፣ እሷም «መምህር ምን ነካው?» ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አወራች። ማታ ስመለስ እናቴ «ተቀበለህ?» ትለኛለች። ወደ ውስጠኛው ክፍል እገባና ከመስኮቱ በስተግራ፣ በደረት ቁመት ላይ ያለውን አንድ ቦታ እነካለሁ። መዳፍ የሚያህል ነው። ቆርቆሮው አያፈስም፣ ከውጭ በኩል ደርቋል፣ ዙሪያውም እንደ ድንጋይ ደርቋል፣ እሱ ግን ከልደታ ጀምሮ እርጥብ ነው። እጄን ሳሳርፍበት ጥቂት ይገባል። አጥብቄ ተጭኜው አላውቅም፣ መልሶ ቢጫነኝ ምን እንደምሆን አላውቅምና።

የእርጥበት ምክንያት ብዙ ነው፣ የምታውቁትን አትጻፉልኝ፣ ሁሉንም አውቀዋለሁ። እናንተን የምለምነው ሌላ ነው። በዚያ ልደታ ወደ ቡሬ መውጫ ላይ አልፋችሁ፣ አንድ ግትር ሰው ብቻውን ጭቃ ሲረግጥ አይታችሁ አዝናችሁለት ወይም ልትቀልዱበት የገባችሁ፣ ግራኝ የሆናችሁ፣ እናንተ ከሆናችሁ ውጡና ንገሩኝ። እንዴት ገባችሁ፣ እንዴት ወጣችሁ አልልም። ቀኑን ብቻ ቁረጡልኝ፣ የትም ይሁን እመጣለሁ፣ ምሳዬንም ራሴ ይዤ እመጣለሁ።